ከ300 ጊጋባይት 4.5 ሲቀር፦ የጊትላብ ዳታቤዝ የጠፋበት ሌሊት

ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሰማው። «ጊትላብ ውስጥ አንዱ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ዲሊት አደረገው» ይባላል፤ ይሳቃል፤ ይታለፋል። ያ ስህተት ግን የፈጀው አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ትምህርት ያለው ከዚያ በፊት በነበረው ምሽትና ከዚያ በኋላ በመጣው ረጅም ቀን ውስጥ ነው።

ደግነቱ ኩባንያው ምንም አልደበቀም። ችግሩን ሲፈቱ የያዙትን ማስታወሻ ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት፤ እስከ 5,000 የሚደርስ ሰው በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ አይቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2017 ደግሞ ዝርዝር ሪፖርት አወጡ። በሪፖርቱ ውስጥ ትዕዛዙን የሰጠው ኢንጂነር ስም አልተጠራም። ጥሩ አድርገዋል።

የነበረው አሠራር

ጊትላብ ዶት ኮም ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት አገልግሎት ነው። አካውንቱ፣ አስተያየቱ፣ የፕሮጀክቱ መረጃ፣ ሁሉም በፖስትግሬስ 9.6 ዳታቤዝ ውስጥ ነበር። ሰርቨሮቹ ሁለት ናቸው። ዲቢ 1 ዋናው ነው፤ ጫናውን በሙሉ ብቻውን ይሸከማል። ዲቢ 2 ተጠባባቂ ነው፤ የዋናውን ለውጥ እግር በእግር እየተከተለ ይገለብጣል፤ ይህ መገልበጥ ሪፕሊኬሽን ይባላል። ኮዱ ራሱ፣ ማለትም የጊት ማከማቻው፣ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነበር።

ስማቸውን ልብ በሉ። ዲቢ 1 እና ዲቢ 2። የቀረው የአድራሻው ክፍል አንድ ዓይነት ነው። በአንዲት አሃዝ ብቻ ነው የሚለያዩት።

ምሽቱ

ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ነው። ሰዓቶቹን በሙሉ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው የምጠቅሰው።

17:20 ላይ አንድ ኢንጂነር የዋናውን ዳታቤዝ ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት ቅጂ) በእጁ አነሳና የሙከራ ሰርቨር ላይ ጫነው። ፒጂፑል የሚባለውን የጫና ማከፋፈያ ሊሞክር ስለፈለገ ነው። ስናፕሾቱ በየ24 ሰዓቱ በራሱ የሚነሳ ቢሆንም እሱ ትኩስ ዳታ ፈለገ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

19:00 አካባቢ ዳታቤዙ ላይ ጫና በረታ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ስፓም ነበር። ቆይቶ ግን ሌላም ምክንያት ተገኘ። አንድ ተንኮለኛ የኩባንያውን ሠራተኛ አካውንት «በደል ፈጽሟል» ብሎ ጠቁሞ ነበር፤ አካውንቱም በስህተት ለመሰረዝ ተሰልፎ፣ ከነዳታው ከበስተጀርባ እየተሰረዘ ነበር።

23:00 ላይ ተጠባባቂው ወደኋላ ቀረ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህ ችግር ፖስትግሬስ የሚያስተዳድር ሁሉ የሚገጥመው ነው።

ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ መጀመሪያ ዋል በሚባለው የለውጥ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ተጠባባቂው የሚኖረው ይህን መዝገብ እየተቀበለ ነው። ዋናው ደግሞ ዲስኩ እንዳይሞላ አሮጌውን መዝገብ ያጠፋል። ጫና ሲበዛ መዝገቡ ይበዛል፣ ማጥፋቱም ይፈጥናል። ተጠባባቂው ሳይደርስበት ከጠፋ በቃ፣ ክሩ ተበጠሰ። መዝገቡን ሌላ ቦታ አርካይቭ የሚያደርግ ነገር ካለ ከዚያ ይወስዳል። በጊትላብ ግን አርካይቭ አልነበረም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ የተጠባባቂውን ዳታ ጠርጎ እንደ አዲስ ከዋናው መገልበጥ።

ዛሬ ይህን የምታዋቅሩ ከሆነ ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንዱ አርካይቭ ነው፤ መዝገቡ ከሰርቨሩ ውጪ ይቀመጣል፣ ዳታቤዙንም ወደፈለጋችሁት ደቂቃ ለመመለስ ያስችላል። ሌላው ሪፕሊኬሽን ስሎት ነው፤ ተጠባባቂው እስኪወስደው ድረስ ዋናው መዝገቡን አያጠፋም። ስሎት ሲጠቀሙ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተጠባባቂው ሞቶ ማንም ካላየው መዝገቡ እየተከመረ ዋናውን ሰርቨር ዲስክ ሞልቶ ይጥለዋል። ከፖስትግሬስ 13 ወዲህ ስሎት የሚይዘውን መጠን የሚገድብ ማስተካከያ ስላለ ያንን ሳታስቀምጡ ስሎት አትክፈቱ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ አርካይቩን ነው የማስቀድመው።

ዝም ያለው ትዕዛዝ

ወደ ምሽቱ እንመለስ። የዲቢ 2 የዳታ ፎልደር ተጠረገ። ከዋናው ለመገልበጥ ፒጂ ቤዝባክአፕ የሚባለው ትዕዛዝ ተሰጠ። ትዕዛዙ እንቢ አለ። በዋናው ላይ ለሪፕሊኬሽን የተፈቀደው ግንኙነት 3 ብቻ ስለነበረ በቂ አልሆነም። ወደ 32 ከፍ አደረጉት። ይህ ለውጥ ደግሞ ሪስታርት ይፈልጋል። ሪስታርት ሲደረግ ፖስትግሬስ አልነሳም አለ፤ ሴማፎር (ፕሮሰሶች ተራ የሚጠባበቁበት የሲስተም ምልክት) በዛብኝ ብሎ። የግንኙነት ጣሪያው 8,000 ላይ ተሰቅሎ ነበር። ወደ 2,000 ሲያወርዱት ተነሳ።

8,000 ለፖስትግሬስ የማይሆን ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱ ፕሮሰስ አለው። ብዙ ተጠቃሚ ካላችሁ መሀል ላይ ግንኙነቶችን የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር አስቀምጡና ዳታቤዙን በጥቂት መቶዎች ያዙት። አስቸጋሪው ነገር ይህ ማስተካከያ ለአንድ ዓመት ገደማ ያለምንም ኮሽታ ሲሠራ መኖሩ ነው። ጉዱ የወጣው ሪስታርት ያስፈለገ ቀን፣ ያውም በእሳት መሀል ነው። ስለዚህ ኮንፊገሬሽን ስትቀይሩ ሪስታርቱን ያኔውኑ፣ ሰላም ባለበት ሰዓት አድርጉት።

ቀጠለ። ፒጂ ቤዝባክአፕ እንደገና ተሰጠ። አሁን ስህተት የለም። ግን የሚገለበጥም ነገር የለም። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል አይወጣም። አቋርጠው ደገሙት። ያው ነው።

ከጉዳዩ ሁሉ ቀልቤን የሚስበው ይህ ዝምታ ነው። ትዕዛዙ አልተበላሸም ነበር። ዋናው ሰርቨር መላክ እስኪጀምር እየጠበቀ ነበር። ይህ አጠባበቅ በማንዋሉም ሆነ በኩባንያው የውስጥ መመሪያ ላይ በግልጽ አልተጻፈም። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ኮፒው ከመጀመሩ በፊት ዋናው ዳታቤዝ ቼክፖይንት ማድረግ አለበት፤ ማለትም ሚሞሪ ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ማውረድ። ይህ በነባሪው አሠራር ሆን ተብሎ በዝግታ ነው የሚሠራው፣ ሌላውን ሥራ እንዳያጨናንቅ። ሥራ በበዛበት ሰርቨር ላይ ደቂቃዎች ይወስዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትዕዛዙን ስትሰጡ ቼክፖይንቱን «ፋስት» በሉት፣ ፕሮግረስና ቨርቦስ የሚሉትን አማራጮች ጨምሩ። ከስሪት 10 ወዲህ በቨርቦስ ስታስኬዱት ቼክፖይንት እየጠበቀ መሆኑን አፍ አውጥቶ ይነግራችኋል። ከዚያ ሌላ ተርሚናል ከፍታችሁ በዋናው ሰርቨር ላይ ፒጂ ስታት ሪፕሊኬሽን የሚለውን ቪው ጠይቁት። የእናንተ ግንኙነት እዚያ ተመዝግቦ «ባክአፕ» ወይም «ስታርትአፕ» የሚል ሁኔታ ካሳየ ሥራው በሕይወት አለ ማለት ነው። ሂዱ፣ ውሃ ጠጡና ተመለሱ። የማይናገር ፕሮግራም ፊት የተቀመጠ የደከመ ሰው ከመጠበቅ ይልቅ አንድ ነገር ማድረግ ይቀለዋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው።

እንደዚያም ሆነ። ኢንጂነሩ «ምናልባት ፎልደሩ ውስጥ የቀደመው ሙከራ የተወው ነገር ይኖር ይሆናል» ብሎ አሰበ። ያለቦታው የመጣ ሐሳብ አይደለም። ሰዓቱ 23:30 ገደማ ነው። እሱ ባለበት አገር ሌሊት ነው፤ ሥራውን ዘግቶ ሊወጣ ሲል ነበር ችግሩ የያዘው። የዳታ ፎልደሩን የሚያጠፋውን ትዕዛዝ ጻፈና ኢንተር መታ። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ አየው። ተርሚናሉ የዲቢ 1 ነው። ወዲያው አቋረጠው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው ዳታ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት አካባቢ ነበር።

ስሙን ቢቀይረው ኖሮ

ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው ምክር «ተጠንቀቁ» የሚል ነው። ሌሊት ላይ ለደከመ ሰው ተጠንቀቅ ማለት ትርፉ ድካም ነው። የሚሠራው ማሽኑን ማስገደድ ነው።

የመጀመሪያው ፕሮምፕቱ ነው፤ ተርሚናሉ ትዕዛዝ ሲጠብቅ የሚያሳየው ጽሑፍ። ጊትላብም ከአደጋው በኋላ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የሁሉንም ሰርቨሮች ፕሮምፕት መቀየር ነበር፤ የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው አካባቢ እንደሆነ በግልጽ እንዲታይ። በባሽ ፒኤስ 1 የሚባለውን ተለዋዋጭ ማስተካከል ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ዋናውን በቀይ፣ ሙከራውን በአረንጓዴ ጻፉት። ቁጥር ብቻ አትጠቀሙ፤ «ዋና» እና «ተጠባባቂ» የሚል ቃል ይግባበት። ሚናው በፌይልኦቨር (ተጠባባቂው ዋናውን ሲተካ) ሊለዋወጥ ስለሚችል ቃሉ በእጅ የተጻፈ ባይሆን ይመረጣል። ፖስትግሬስን ራሱን «ሪከቨሪ ላይ ነህ ወይ?» ብሎ (ተጠባባቂ ከሆነ አዎ ይላል) ጠይቆ የሚሞላው አጭር ስክሪፕት ይሁን። የፖስትግሬስ ትዕዛዝ መስጫ የሆነው የፒኤስኪውኤል ፕሮምፕትም እንዲሁ የሰርቨሩን ስም እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

ሁለተኛው ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። የዳታ ፎልደር አታጥፉ፤ ስሙን ቀይሩ። በአንድ ዲስክ ውስጥ ስም መቀየር ቅጽበታዊ ነው፣ መመለሱም እንዲሁ። ይህ ልማድ ቢኖር ኖሮ በዚያ ሌሊት ሁለት ነገር ይድን ነበር ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ በዲቢ 1 ላይ የተሠራው ስህተት ስሙን በመመለስ ይታረም ነበር። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያነሳውም። የዲቢ 2 አሮጌ ዳታም አይጠፋም ነበር። በሕዝባዊው ማስታወሻ ላይ ተጠባባቂው ከዋናው ወደኋላ የቀረው በ4 ጊጋባይት ያህል እንደነበር ተጽፏል። ማለትም የተጠረገው ዳታ ብዙ የቆየ ሳይሆን የዚያኑ ምሽት ዳታ ነበር። «ከሪፕሊኬሽን የወጣ» ማለት «የማይረባ» ማለት አይደለም። አዲሱ ኮፒ አልቆ በትክክል መከተል እስኪጀምር አሮጌው ባለበት ይቆይ። ዲስኩ ሁለቱን አይችልም ከተባለ ዲስክ ጨምሩ፤ ለሁለት ቀን ብቻ ነው የምትከፍሉት።

ግዴታ ማጥፋት ካለባችሁም በስክሪፕት ይሁን። የስክሪፕቱ መጀመሪያ የሰርቨሩን ስም ከተጠበቀው ጋር ያመሳክር፤ ካልገጠመ ይውጣ። ፖስትግሬስ እየሠራ ከሆነም ይውጣ። በሕይወት ያለ ዳታቤዝ ፎልደር የሚጠፋበት ምክንያት የለም።

ባክአፑ የት ሄደ?

ዋናው ጠፍቷል፣ ተጠባባቂው ተጠርጓል። በቃ ወደ ባክአፕ መሄድ ነዋ።

በየ24 ሰዓቱ ፒጂ ደምፕ በሚባለው የፖስትግሬስ ባክአፕ ማውጫ እየተነሳ ወደ ኤስ 3፣ ማለትም ወደ አማዞን የፋይል ማከማቻ የሚላክ ባክአፕ ነበር። ሲከፍቱት ባልዲው (የማከማቻው ክፍል) ባዶ ነው። ምንም የለበትም። ምክንያቱ የስሪት አለመጣጣም ነው። ዳታቤዙ 9.6 ሆኖ ሳለ ሥራው የሚሠራው በፒጂ ደምፕ 9.2 ነበር። የሚጠቀመውን ስሪት የሚመርጠው ስክሪፕት የዳታ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን የስሪት ፋይል ያያል። ባክአፑ የሚሠራው ግን ዳታ ፎልደር በሌለው የአፕሊኬሽን ሰርቨር ላይ ነበር። ፋይሉን ሲያጣ ነባሪውን 9.2 ያዘ። ፒጂ ደምፕ ደግሞ ከእሱ ስሪት የበለጠ አዲስ ሰርቨር ሲያይ ስህተት ሰጥቶ ይወጣል።

እሺ፣ ስህተት ከሰጠ ለምን አልታወቀም? ሥራን በቀጠሮ የሚያስኬደው ክሮን ስህተቱን በኢሜይል ይልክ ነበር። ኢሜይሎቹ ዲማርክ በሚባለው የላኪ ማረጋገጫ ምክንያት ተቀባዩ ጋ እየደረሱ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ስለዚህ ባክአፑ በየቀኑ ይከሽፋል፣ መልእክቱ በየቀኑ ይላካል፣ ማንም አያየውም።

የማይክሮሶፍት ክላውድ የሆነው የአዠር የዲስክ ስናፕሾትስ? ለፋይል ሰርቨሮቹ በርቷል፤ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልበራም። ሌላው ይበቃል ተብሎ ነበር። ሪፕሊኬሽኑ? ተጠባባቂ መስታወት ነው፤ ፊት ላይ ያለውን ጥላሸት ያሳያል እንጂ የትናንቱን ፊት አያስቀምጥም። አንድ ሰው ቴብል ድሮፕ ቢያደርግ (ቢያጠፋ) ተጠባባቂውም ተከትሎ ድሮፕ ያደርጋል።

የተረፈው በ17:20 በእጅ የተነሳው ስናፕሾት ብቻ ነበር። ለሙከራ የተነሳ፣ ከአደጋው ስድስት ሰዓት ቀድሞ። ኢንጂነሩ ያን ቀን ትኩስ ዳታ ባይፈልግ ኖሮ የቀረው በራሱ የሚነሳው ስናፕሾት ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት የቆየ ሊሆን ይችል ነበር።

ከዚህ የምትወስዱት ተግባራዊ ነገር ይህ ነው። አለርታችሁን ገልብጡት። «ባክአፕ ሲከሽፍ ንገረኝ» ሳይሆን «ባክአፕ መሳካቱን ካልሰማሁ ጩህ» ይሁን። ባክአፑ ሲያልቅ ሌላ ቦታ ላለ ተቆጣጣሪ ምልክት ይላክ፤ በ26 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ስልክ ይጮህ። ያኔ ኢሜይሉ ቢጠፋ፣ ክሮኑ ቢሞት፣ ሰርቨሩ ራሱ ባይኖርም ትሰማላችሁ።

የፋይሉን መጠን እዩ። በጣም የተለመደ ወጥመድ አለ። የፒጂ ደምፕን ውጤት በፓይፕ ወደ መጨመቂያው ወደ ጂዚፕ የሚልክ አንድ መስመር ስክሪፕት ብዙ ሰርቨር ላይ አለ። ደምፑ ቢከሽፍም ጂዚፑ ስለተሳካ ሼሉ «ተሳክቷል» ይላል። ውጤቱ በየቀኑ ቀን ተጽፎበት የሚቀመጥ፣ 20 ባይት የሆነ ፋይል ነው። ባዶ ነገር ሲጨመቅ የሚወጣው ያን ያህል ነው። ባክአፕ ፎልደራችሁን አሁን ክፈቱና 20 ባይት የሆነ ካለ እዩ። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ፓይፕፌይልን (ከፓይፑ አንዱ ክፍል ቢከሽፍ ሁሉም ከሸፈ የሚያስብለውን የሼል ማስተካከያ) ማብራት ችግሩን ይፈታዋል።

ከዚያ ሪስቶር አድርጉ፤ ባክአፑን መልሳችሁ ጫኑት። በየሳምንቱ፣ በስክሪፕት፣ ባዶ ሰርቨር ላይ። ሪስቶሩ ሲያልቅ ትልቁ ቴብል ውስጥ የመጨረሻው መስመር መቼ እንደተጻፈ ይጠይቅ። መልሱ «ትናንት ማታ» ካልሆነ ባክአፕ የላችሁም።

18 ሰዓት

ስናፕሾቱ ተገኝቷል ተብሎ ወዲያው አልተመለሰም። ያለበት የሙከራ ሰርቨር ርካሽና ቀርፋፋ ዲስክ ነበረው። ፍጥነቱ 60 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ 300 ጊጋባይት በዚያ ፍጥነት ኮፒው ብቻ ከ11 ሰዓት በላይ ነው። ጠቅላላው 18 ሰዓት ያህል ወሰደ። ዓለም እያየ፣ ቁጥሩ በመቶኛ እየተንፏቀቀ።

የእናንተን ባክአፕ መጠን በኔትወርካችሁ ፍጥነት አካፍሉትና ቁጥሩን ለአለቃችሁ ዛሬውኑ ንገሩት፤ በአደጋው ቀን መስማቱ ለማንም አይበጅም። እንዲህ ዓይነት ረጅም ኮፒ በኤስኤስኤች ስታስኬዱም ሁልጊዜ በቲሙክስ ውስጥ ይሁን። ዋይፋይ ለአፍታ ቢቋረጥ ከነተርሚናሉ የሚሞት የአሥር ሰዓት ሥራ ማየት ያማል። ቲሙክስ ውስጥ ከሆነ ተመልሳችሁ ገብታችሁ ካለበት ትይዙታላችሁ። ኮፒው ራሱ በአርሲንክ ቢሆን ደግሞ ቢቋረጥም ያለቁትን ፋይሎች ዘሎ ይቀጥላል።

አገልግሎቱ የተመለሰው ፌብሩዋሪ 1 ምሽት ወደ 18:00 ገደማ ነው። ከ17:20 ወዲህ የተጻፈው ዳታ ግን አልተገኘም። በኩባንያው ግምት ወደ 5,000 ፕሮጀክት፣ 5,000 አስተያየትና 700 አዲስ አካውንት ተነክቷል። የጊት ማከማቻዎቹ ሌላ ቦታ ስለነበሩ ኮድ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ስናፕሾቱ በየሰዓቱ እንዲሆን ተደረገ፤ የዋል አርካይቭም ተጀመረ።

በሩን ከመክፈታቸው በፊት ያደረጉት አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ሪስቶር ለሚያደርግ ሁሉ ይጠቅማል። የመለያ ቁጥር የሚሰጡትን ሲኩዌንሶች በሙሉ በ100,000 ወደፊት ገፏቸው። ስድስት ሰዓት ወደኋላ የተመለሰ ዳታቤዝ በእነዚያ ሰዓታት ሰጥቶ የነበረውን ቁጥር ለሌላ ሰው እንደገና ይሰጣል። የጠፋው ፕሮጀክት ቁጥር ግን በካሽ፣ በዲስክ፣ በሌላ ሰርቨር ላይ ገና በሕይወት ሊኖር ይችላል። አዲስ ሰው ያንኑ ቁጥር ቢያገኝ የሌላውን ፋይል ሊያይ ነው። በፖስትግሬስ ይህ ለእያንዳንዱ ሲኩዌንስ አንድ የሴትቫል ጥሪ ነው። በሪስቶር መመሪያችሁ ላይ «ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት» ከሚለው መስመር በላይ ጻፉት።